ጽዋው የሚገባበት ቤት

ቤት ልገዛ የተነሣሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው መቃብሩን እንጂ ቤት አያስብም ያሉኝ ነበሩ። ይበሉ። እንዲህ ያሉኝ ሁሉ የራሳቸው በር ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ያን ጊዜ የምኖረው ደብረ ታቦር፣ ከወንድሜ ቤት ጓሮ፣ ከማድ ቤቱ ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሏ እንዴት የእኔ እንደ ሆነች፣ ትልቁ ቤት ደግሞ እንዴት የእኔ ሳይሆን እንደ ቀረ አስቀድሜ ልናገር። ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ሲያወራው ሰምቻለሁና።

ወንድሜ የቤት መሥሪያ ቦታውን ከማዘጋጃ ቤት ሲመራ እኔ ገሳይ በምትባል ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። የከተማው ነዋሪ እሱ ስለ ሆነ ቦታው በእሱ ስም ወጣ። «ስም ምን ይሠራል? ቤቱ የሁለታችን ነው» አለኝ። አመንኩት። ባሕር ዛፉን እሱ አስቆረጠ፣ ጭቃውን እሱ አስረገጠ። ቆርቆሮውን የገዛሁት ግን እኔ ነኝ። ደመወዝ በወጣ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየገዛሁ፣ አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኜ ከገሳይ አመጣ ነበር። ጣራው እስኪሞላ ሁለት ክረምት አለፈ። በዚያ መካከል ቤቱን በግማሽ ጣራ ኖሩበት፤ ዝናብ ሲመጣ አልጋውም ሞሰቡም ቆርቆሮ ወዳለበት ወገን ይገፋል። የወንድሜ ሚስት ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። «እታለም፣ በአንቱ ቆርቆሮ ሥር እኮ ነው የምንኖር» ትለኝ ነበር። ይህን ያለችው በራሷ አፍ ነው። ዛሬ ብትጠየቅ አታስታውሰውም።

ባል ነበረኝ። ስለ እሱ የምጽፈው የለኝም። ልጅ አልወለድኩም።

ጡረታ ስወጣ ወንድሜ በሕይወት ነበረ። የጓሮዋን ክፍል ኖራ አስቀብቶ፣ «ለጊዜው እዚህ ሁኚ፤ ልጆቹ ሲወጡ ትልቁ ቤት ትገቢያለሽ» አለኝ። ልጆቹ ተምረው ባሕር ዳር ሄዱ። እኔ ጓሮ እንደ ሆንኩ ቀረሁ። ላስታውሰው አልፈለግኩም፤ እሱም አላነሣውም። ከዚያ ታመመ፤ ሳይቆይም ሞተ። አርባው እስኪወጣ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አርባው በወጣ ማግስት ሚስቱ የትልቁን ቤት ቁልፍ ለወጠች። «ሌባ በዝቷል፣ እታለም» አለችኝ። ሌባ መብዛቱንስ እኔም አውቃለሁ። አዲሱን ቁልፍ ግን አልሰጠችኝም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የጽዋውን ነገር ነው።

እኔና የወንድሜ ሚስት የአንድ ማርያም ማኅበር አባላት ነን። በየወሩ በሃያ አንድ ተረኛው ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ፣ ቄሱንና አባላቱን ቤቱ ይሰበስባል። ሲመሽ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ይረከብና ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል፤ ጽዋውም እስከሚቀጥለው ሃያ አንድ እዚያው ይከርማል። ወንድሜ በሕይወት ሳለ ተራዬ ሲደርስ ትልቁ ቤት ውስጥ እደግስ ነበር። ወንድሜ እንግዳ ሲቀበል፣ «ዛሬ የእህቴ ቀን ነው» እያለ በሩ ላይ ይቆማል። በዓመት አንድ ቀን ያ ቤት የእኔ ይሆን ነበር።

ከሞተ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሚስቱ፣ «ሐዘን ላይ ነን» አለች። ልክ ናት፤ ተራዬን አሳለፍኩ። በሁለተኛው ዓመት ጠላዬን ጠንስሼ ጌሾው ከገባ በኋላ፣ «ልጆቹ ከባሕር ዳር ይመጣሉ፤ ቤቱ ይጠብባል» አለችኝ። እንደገና አሳለፍኩ። ጥንስሱን በሰው አሸክሜ የእኔን ተራ ለወሰደችው ሴት ላክሁላት። ልጆቹ አልመጡም። ለምን እንዳልመጡ አልጠየቅኩም፤ እሷም ያመጣቻቸው ለአፏ ብቻ እንደ ነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

የማኅበራችን አለቃ፣ ሙሴ እንለዋለን፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። በዚያው ወር ማኅበሩ ሊነሣ ሲል፣ «ተራሽ ሁለት ጊዜ ታለፈ። ለከርሞው ምን ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። በክፋት አይደለም፤ ሰው ሁሉ እየሰማ መጠየቁ ግን ክፋት ሆነብኝ። የወንድሜ ሚስት ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ዳቦዋን ትቆርሳለች።

«በራሴ ቤት ይሆናል» አልኩት።

ቤት አልነበረኝም። ቃሉ ግን ከአፌ ወጣ፤ በማርያም ጽዋ ፊት የወጣ ቃል ደግሞ አይመለስም። ያን ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን ሳስብ፣ ዘመድ ስጠይቅ ቆየሁ። ተራዬ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ደላላ ዘንድ ሄድኩ።

ደላላው ተማሪዬ የነበረ ሰው ነው። ገሳይ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜም ሥራው ይኸው ነበር፤ ከፊት ወንበር መቀመጥ የፈለገ ልጅ ቆሎ ይሰጠዋል፣ እሱ ደግሞ ፊት ያለውን አግባብቶ ወደ ኋላ ያዛውረዋል። ከሁለቱም ቆሎ ይቀበላል። አሁን ከመናኸሪያው ማዶ፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የፕላስቲክ ወንበር አለችው። ስልኩ ሁለት ነው። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ቲቸር! በሕይወት አሉ እንዴ?»

«አለሁ። አንተስ፣ ማንበብ ቻልክ?»

«አሁን የቤት ካርታ ነው የማነብ ቲቸር። የዘለልኩት ፊደል ቢኖር በሱ ለቀምኩት።»

ቤት እንደምፈልግ ስነግረው፣ «ለማን?» አላለኝም። ይህን ወደድኩለት። ሌላው ሁሉ ለማን ነው ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ ያሳየኝ ቤት ከከተማው ወጣ ያለ፣ ውኃ የሌለው፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ በግድግዳው እየገባ በበሩ የሚወጣበት ነበር። «አየሩ ንጹሕ ነው» አለኝ። «እሱማ ከእኔ ጋር አልጋ ላይ ሊተኛ ነው» አልኩት። ሁለተኛውን ሁለት ወንድማማቾች ፍርድ ቤት የሚካሰሱበት ሆኖ አገኘሁት። ሦስተኛውን ስገባ ግን ልቤ ተነሣ።

ትንሽ የጭቃ ቤት ነው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ። በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ግቢው ጠባብ ቢሆንም ከአጥሩ ሥር ሁለት የጌሾ ዛፍ ተተክሎበታል። ከቤተ ክርስቲያን ሩቅ አይደለም፤ የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል። ገብቼ በዓይኔ ለካሁት። ቄሱ እዚህ ይቀመጣሉ። ጋኑ እዚያ፣ ጥላው ካለበት ጥግ ይሆናል። አባላቱ በግድግዳው ዙሪያ ይደረደራሉ። ጽዋውን ከመስኮቱ በላይ መደርደሪያ አሠርቼ አስቀምጠዋለሁ። ደላላው ስለ ግድግዳው ሲያወራ እኔ ድግሴን ጨርሼ ነበር።

«ሻጩ ነፋስ መውጫ ከተማ ሱቅ አለው» አለኝ። «ከእናቱ ነው የወረሰው። ዕዳ የለበት፣ ክስ የለበት። ንጹሕ ቤት ነው ቲቸር።»

ከጓሮ በቁልፍ የተዘጋች አንዲት ክፍል አየሁ። «ያቺስ?»

«ዕቃ ቤት ናት።»

በሯ ሥር በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም ነበረ። አፈሩ ርሶ ነበር። አየሁት። ዓይኔ ያየውን አሳቤ ወደ ጋኑ ቦታ ጎትቶ ወሰደው።

ሦስት ጊዜ ወሰደኝ፤ ሦስቱም ጊዜ በገበያ ቀን። ከሻጩም ጋር በገበያ ቀን አገናኘኝ። ሻጩ ወፍራም፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ትሑት ሰው ነው። «እሜቴ» እያለ ነው የሚጠራኝ። በሁለት ምስክር ፊት ቀብድ ተቀበለኝ። የቀረውን ቁልፉን ሲያስረክበኝ ልከፍል፣ ቁልፉንም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊሰጠኝ ተስማማን። 

በዚያው ሰሞን ሃያ አንድ ደረሰና ጽዋውን ተረከብኩ። ሙሴው፣ «ቤት ተገኘ?» አለኝ። «ተገኘ» አልኩ። የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እንኳን ደስ ያለዎ እታለም! ሳይነግሩን? የት ሰፈር ነው?» አለች።

«በሃያ አንድ ታይዋለሽ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በእኛ አገር ባል ሳይታጭ ሠርግ አይጠራም፤ ቁልፍ ሳይያዝ ጽዋ መረከብ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ያን ምሽት በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ጓሮ ክፍሌ አስገባሁት። ከሣጥኔ ላይ አስቀምጬው፣ «ጥቂት ቀን ታገሺኝ» አልኳት። ማርያምን ነው።

ከዚያ በሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እግሬ ወደ አረንጓዴው በር ወሰደኝ። ቀኑ የገበያ ቀን አልነበረም። የፈለግኩት ከውጭ አይቶ መመለስ ብቻ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ግቢውን ትጠርጋለች። በዕድሜ ከእኔ ብታንስ ጥቂት ነው።

«ግቢ እቴ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?»

እውነቱን መናገር ፈራሁና፣ «ጌሾ የሚሸጥ አለ ብለውኝ» አልኩ።

«ይሸጣል እንጂ! በየገበያው ይዤ የምወጣው ይኸንኑ አይደል? ከዚሁ ስትወስጂ ይረክስልሻል፤ ሸክሙን አተረፍኩ።»

መጥረጊያዋን ጥላ የጓሮዋን ክፍል ከፈተች። ዕቃ ቤት የተባለችውን። አንድ መደብ፣ አንድ ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል። የራሴን ክፍል ያየሁ መሰለኝ፤ የእሷ ብቻ ከእኔ ይልቅ ንጹሕ ነበረች። በእንጨት ዋንጫ ጠላ ቀዳችልኝ። እምቢ ብላትም ያዥ አለችኝ።

«ልጆች አሉሽ?»

«የሉኝም።»

«እኔም። እግዜር ያልሰጠውን ማን ይሰጣል። ወንድሜ አለኝ፣ ነፋስ መውጫ። ትልቁን ቤት ዘግቶ ሄደ፤ እኔ እጠብቅለታለሁ። እናታችንን ያስታመምኩ እኔ ነኝ፣ እዚሁ ነው ያረፈች።» ጌሾውን እያሰረች ሳቅ አለች። «ሰሞኑን ጣራውን ሊያስቀይርልኝ ነው መሰል፤ ሰው እያመጣ ያሳያል አሉኝ ጎረቤቶች። አንዲት አሮጊትም አብራ ትመጣለች አሉ፣ የሠራተኛው እናት ትሆናለች። እኔ ገበያ ስውል ነው የሚመጡ። አንድ ቀን እንኳ ባገኛቸው እንዲህ ጠላ ባጠጣኋቸው።»

የያዝኩትን ጠላ ጨረስኩት። መተው አልቻልኩም፤ እያየችኝ ነበር። ጌሾውን ይዤ ወጣሁ።

በቀጥታ ደላላው ዘንድ ሄድኩ። ስልክ እያወራ ነበር፤ ሲያየኝ ዘጋው።

«ሰው አለበት ያ ቤት» አልኩት።

«የቱ ቤት?»

«አንተ ልጅ፣ ከክፍል ወጥተህ የጠፋህ ቀንም የቱ ክፍል ነበር ያልከኝ።»

አንገቱን አከከ። «ቲቸር፣ ባዶ ቤት ከየት ላምጣልዎ? በዚህ አገር ሰው ያላለቀሰበት ቤት ካለ ያሳዩኝ። እሷም ብትሆን መንገድ አትወድቅ፤ እብናት ከተማ አክስት አለቻት አሉ።»

«በእሷ ዕድሜ አክስት?»

«እንግዲያው የአክስት ልጅ ይሆናል።»

«የገበያ ቀን እየመረጥክ የወሰድከኝ ለዚህ ነው?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው። ካዩ ያዝናሉ፤ ካዘኑ አይገዙም። ስንቱን አይቻለሁ።»

እህትየው ሳትሰማ፣ የእናቷም ውርስ ነውና በውሉ ሳትገባ፣ ቁልፉን እንደማልቀበል ነገርኩት። «ይህን ካነሡበት ይሸሻል ቲቸር» አለኝ፤ ሊያስፈራራኝ አይደለም፣ ሥራውን ስለሚያውቅ ነው። ቢሆንም ለሻጩ ደወለለት።

ሻጩ ከነፋስ መውጫ መጣ። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሜቴ፣ ስለ እህቴ አያስቡ። የኔ እህት ናት፤ እኔ እያለሁ የት ትወድቃለች?» አለኝ።

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ልክ እንደዚህ ዝቅ ባለ፣ ልክ እንደዚህ በጣፈጠ ድምፅ ቤቱ የሁለታችን ነው የተባልኩ ሴት ነኝ።

«እንግዲያው ንገራት» አልኩት።

«ቁልፉን ካስረከብኩዎ በኋላ እነግራታለሁ። አሁን ብነግራት ታለቅሳለች።»

«በኋላስ አታለቅስም?»

«በኋላማ ያለቀ ነገር ይሆናል።»

ያን ቀንና ማግስቱን ከክፍሌ አልወጣሁም። ጽዋው ከሣጥኔ ላይ ነው። ዝም ብዬ ቁልፉን ብቀበል ማንም አይወቅሰኝም፤ ገዥ ነኝ፣ የሸጠው ወንድሟ ነው። ሃያ አንድ ሲደርስ ያ ሁሉ ሰው ይመጣል፣ የወንድሜ ሚስት በእኔ በር ጎንበስ ብላ ትገባለች። ይህን ብዙ ጊዜ በዓይነ ሕሊናዬ አይቼዋለሁ፤ እንዲያውም የምታዋርድ መግቢያ እንዲኖረው በሩን ዝቅ አድርጌ ነበር የማስበው። ግን ሌላዋ ሴት እየመጣች ፊቴ ትቆማለች። እውነቱን ለመናገር ለእሷ አዝኜ ብቻ አይደለም። ተናድጄ ነው። ገሳይ እያለሁ፣ ቆርቆሮውን ተሸክሜ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አንድ ሰው መጥቶ «አንቺ ሴት፣ ይህ ጣራ ያንቺ አይደለም» ቢለኝ ኖሮ እያልኩ ተናደድኩ። ያን ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። አልመጣም። 

ስለዚህ ሄጄ ነገርኳት።

በረንዳዋ ላይ ጌሾ ትለቅም ነበር። ስታየኝ ደስ አላት፤ «አለቀብሽ እንዴ ያ ሁሉ?» አለችኝ። ቆሜ፣ ሳልቀመጥ ነገርኳት። ወንድምሽ ቤቱን ሸጦታል፤ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ከጎረቤት የሰማሻት አሮጊት እኔ ነኝ፤ ገና ቁልፍ አልተቀበልኩም፣ አንቺ ካልተስማማሽም አልቀበልም አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ጌሾውን ከጭኗ አራገፈችና ተነሣች።

«ወንድሜ እኔን አይሸጥም!»

«ቤቱን ነው።»

«ቤቱና እኔ ምንና ምን ነን? እናቴ የሞተችበት ነው! አንቺ ነሽ ገበያ ስወጣ እየተሹለከለክሽ የምትመጪው? ጠላዬን ጠጥተሽ?»

«እኔ ነኝ። ግን ስሚኝ...»

«አልሰማሽም! ልጅ የለሽ፣ ቤት የለሽ፤ ካለኝ አንድ ወንድም ልታጣዪኝ መጣሽ? ውጪ! ውጪልኝ ከእናቴ ግቢ!»

መጥረጊያውን አነሣች። አልመታችኝም፤ እስከ በሩ ድረስ ግን እየጠረገች አስወጣችኝ ማለት ይቻላል። ጎረቤት ወጥቶ ያየኛል። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ገሳይ መጥቶ ስለ ወንድሜ እንዲያ የሚነግረኝ ሰው ቢገኝ ኖሮ በጠመኔ ፊቱን በፈነከትኩት።

ማታውኑ ለወንድሟ ደወለችለት። እሱም፣ ቤቱን የተመኘች አንዲት ያበደች ሴት እንዳለች፣ እንዳትሰማት፣ በሩን እንዳትከፍትላት ነገራት። ይህን የነገረኝ ደላላው ነው። ሻጩ ቀብዴን በእሱ እጅ መለሰልኝ። ደላላው ሲሰጠኝ አላፌዘም። «ቲቸር፣ ከእርስዎ ኮሚሽን አልፈልግም» አለኝ። ከሌላው እንደሚያገኝ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ያው ቤት ከእብናት ለመጣ የእህል ነጋዴ ተሸጠ። ነጋዴው የጓሮዋን ክፍል ከፍቶ እንኳ አላየም አሉ፤ መጋዘን ሊሠራበት ስለሆነ ሁሉንም ያፈርሰዋል።

እሷን አንድ ጊዜ ብቻ አየኋት፣ መናኸሪያው ፊት፣ እብናት በሚሄድ መኪና መስኮት በኩል። የመኝታ ጥቅልሏን አቅፋ ተቀምጣለች። ወንድሟ ሹፌሩን ያነጋግራል፤ ለመንገዷ ብርቱካን ገዝቶላት ነበር። አየችኝ። ፊቷን ወደ ወንድሟ አዞረች። ዛሬም ድረስ ቤቷን ያስሸጥኩባት እኔ እመስላታለሁ። እሱን ግን ትወደዋለች። ሄጄ ምን እላታለሁ? ቆሜ መኪናው እስኪወጣ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ክፍሌ ውስጥ ጽዋው አለ። ሃያ አንድ ደርሷል ማለት ይቻላል።

ለአንድ ወር የሚከራይ ቤት ፈለግኩ። አንዷ አከራይ፣ «ጸሎት ከሆነ ግድ የለኝም፤ ድግስ ከሆነ ግን ሽንት ቤቱ አይችልም» አለችኝ። ሌላው ብቻዬን መሆኔን ሲሰማ ዋጋውን ሳይናገር ቀረ። ሙሴው ዘንድ ሄጄ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ቢሆንስ አልኩት። ጥቂት አሰበና፣ «ጽዋ እኮ ቤት የሚባርክ ነው፤ ደጀ ሰላሙ የተባረከ ነው» አለኝ። ተሰናብቼው ወጣሁ።

ያልፈለግኩትን አደረግኩ። ወደ ትልቁ ቤት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። የወንድሜ ሚስት ከፈተችልኝ። ለአንድ ቀን፣ ለሃያ አንድ ብቻ ብዬ ጠየቅኳት። ልታስብበት ጊዜ ትወስዳለች፣ ምክንያት ትደረድራለች ብዬ ነበር።

«ምን ችግር አለው እታለም!» አለችኝ ወዲያው። «ቤቱ የእርስዎም አይደል?»

እምቢ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ልሸከመው የምችለው እምቢታዋን ነበር።

ገብሱን እኔ ገዛሁ፣ እኔ አስፈጨሁ፣ እኔ ጠመቅኩ። ዳቦውን ሌሊት ተነሥቼ እኔ ጋገርኩ። የጌሾውንም ነገር አልደብቅም፤ ከዚያች ሴት የገዛሁትን ነው የጨመርኩ፣ ሌላ አልነበረኝም። ሃያ አንድ ጠዋት የወንድሜ ሚስት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። «ግቡ፣ ግቡ! ቤት ለእንግዳ!» ትላለች። የሚገባ ሁሉ ወደ እሷ ጎንበስ ይላል። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ከጋኑ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ጋኑ እመላለሳለሁ።

ከአባላቱ አንዷ፣ «የገዛሽው ቤትስ እቴ? እዚያ የምንሄድ መስሎኝ» አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት የወንድሜ ሚስት ከበሩ መለሰችላት። «አይ! ደላላ አታለላቸው እኮ። ‹ይተዉ፣ እዚሁ ይሁኑ፣ የሰው በር አይጥኑ› ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ሴቶቹ ግን አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ እንዲህ ያለ ምራት ከየት ይገኛል» አሏት። ሁለቱ ምስክሮች፣ ቀብዱ፣ ያቺ ሴት፣ ሁሉም እንዲህ በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ተዘጋ። ተከራክሬ ምን ልል ነው? ለእነዚህ ሰዎች አላስረዳም አልኩና ጠላ ቀዳሁ።

ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ቄሱ ለምርቃት ቆሙ። ከገጠር በቅርቡ የተዛወሩ ናቸው፤ ማን ማን እንደ ሆነ አያውቁም። በእርሳቸው አልፈርድም። በር አጠገብ የተቀመጠችውን፣ አዲስ ቀሚስ የለበሰችውን አዩ። «ይህን ቤት ይባርክ» አሉ። «የዚህችን ቤት እመቤት በሞገስ ያቁምልን። በደጇ የመጣ አይጣ፣ ከጓዳዋ አይጉደል። የደገሰች እጇ አይዛል። ለከርሞ በዚሁ ቤት በደስታ ያገናኘን።»

«አሜን» አለ ቤቱ ሁሉ። የወንድሜ ሚስት ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ መዳፏን ዘርግታ ተቀበለችው። አላረመችም። ሙሴው ወደ እኔ አየ፣ አፉንም ከፈት አድርጎ ነበር፤ ከዚያ እሱም ራሱን ዝቅ አደረገ። ቄስን በምርቃት መሃል ማቋረጥ አይቻልም። እኔም ማንቆርቆሪያዬን እንደ ያዝኩ «አሜን» አልኩ። ምን ማድረግ ይቻላል? ምርቃት ነው።

ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ሊሰጥ ሲል ሙሴው አጠገብ ሄጄ ጎንበስ አልኩ።

«ከእንግዲህ እኔን ከተራው አውጡኝ» አልኩት።

«ታመምሽ?»

«አልታመምኩም።»

«ከማርያም ማኅበር የሚወጣ ሰው በሞት ነው፣ እኅቴ። በሌላ የወጣ አላየሁም።»

«እንግዲያው እንደ ሞትኩ ቁጠሩኝ።»

ቀስ ብዬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ግን ቤቱ ጸጥ ብሎ ስለ ነበር ሁሉም ሰማ። የወንድሜ ሚስት ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣች፣ ትከሻዬን አቀፈች። እጇ ሞቃት ነበር። «ኧረ ምን ይላሉ እታለም! ደክሟቸው ነው እኮ» አለች ወደ ሰው ዞራ። «ቀኑን ሙሉ ሲደክሙልን ዋሉ።»

ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወስዳ ለቄሱ ቀዳችላቸው። ጽዋው በተረኛው እጅ ከበሩ ወጣ። ሰው ሁሉ ሊሸኘው ተከትሎ ሲወጣ እኔ ጎድጓዳ ሳህኖቹን ሰብስቤ ወደ ጓሮ ሄድኩ።